ድልድይ የሆነው ክትባት

የከብት ሐኪሙ የወረዳው ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው በሌለበት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ጥጃዋ በጎን መጥቶባት ከምታምጥ ላም ጋር ሲታገል አረፈደ። ክንዱን እስከ ትከሻው ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ አዳራሹ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበለት። የጥጃው ወሬ ቀድሞት የደረሰ መሰለው።

"አመሰግናለሁ፤ እናቲቱም ደህና ናት" አለ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ግራ እንደተጋባ ሄዶ ከባለወፍጮው አጠገብ ተቀመጠ። ባለወፍጮውም እንደሱ የምክር ቤት አባል ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሞተር ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ስለሆነ ሹክ ሲል እንኳ ከወዲያኛው ጥግ ይሰማል።

"የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገንሃል" አለው።

"እኔን? እኔ ስለ በጀት ምን አውቄ?"

"እኛስ ምን እናውቃለን? ለዚህ አይደል የሌለ ሰው የመረጥነው!"

ሐኪሙ እምቢ ለማለት እጁን አነሳ። አፈ ጉባኤው፣ ሽበታሙ ጡረተኛ ዳኛ፣ እጁን አዩና "ሹመቱን መቀበሉን ገልጿል" ብለው አስመዝግበው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ሐኪሙ ሰነፍ አልነበረም፤ ሞኝም አልነበረም። የወረዳው የከብት ክሊኒክ ኃላፊ ነው። ላም አንገቷን እንዴት እንደደፋች ከሩቅ አይቶ የት ቦታ እንዳመማት ይናገራል። ገበሬው ለምክር ቤት የመረጠውም በጭቃም በፀሐይም በረቱ ድረስ ስለሚመጣለት ነው። ገንዘብ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የገዛ ቤቱን እንኳ የምታስተዳድረው አስተማሪዋ ሚስቱ ናት። ደሞዙን ያስረክባታል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አይጠይቅም፤ ሲርበው ምግብ አለ፣ ጫማው ሲያልቅ ሌላ ይመጣል። የወረዳውም ገንዘብ እንደዚያው የሚሆን መስሎት ነበር።

መዘዙ የመጣው በአማቱ በኩል ነው። አማቱ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። በወንዙ ላይ የነበረውን የእግረኛ ድልድይ ባለፈው ክረምት ጎርፍ ጠራርጎ ወስዶታል። ከዚያ ወዲህ የማዶ ሰው ወደ ገበያም፣ ወደ ጤና ጣቢያም፣ ወደ ትምህርት ቤትም የሚሻገረው በውሃው ውስጥ ነው። አማቱ አንድ ቀን ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ረጥቦ ቤቱ ገቡ።

"እማማ፣ በዚህ ውሃ ብቻዎን ይመጣሉ?" አለ ሐኪሙ ደንግጦ።

"ታዲያ በአየር ልምጣ?" አሉ ወንበር እየሳቡ። "ይልቅ የወረዳው ገንዘብ በአንተ እጅ ገባ አሉ፤ እውነት ነው?"

"በእጄ አልገባም፤ ኮሚቴ ነው።"

"ያው ነው። ድልድያችንን ሥራልን።"

ሚስቱ ከጓዳ ሆና "እማዬ፣ እሱ እኮ የራሱን ካልሲ የት እንዳለ አያውቅም" አለች።

"ካልሲ ሥራልኝ አላልኩትም" አሉ አማቱ።

በማግስቱ ሐኪሙ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱን ደረጃ ወጣ። ሒሳብ ሹሟ ወጣት ሴት ናት፤ ክፍሏ ጠባብና ሞቃት ነው። ወረቀቱ እንዳይበርባት ማራገቢያውን ወደ ግድግዳው አዙራዋለች፤ ስለዚህ የሚቀዘቅዘው ግድግዳው ነው። በእንግዳ ወንበር ላይ የተከመሩትን ፋይሎች ወደ መስኮቱ ደፍ አሽጋሽጋ አስቀመጠችው።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አለ። "ወረዳው ገንዘብ አለው ወይስ የለውም?"

"አለው።"

"ተመስገን። እንግዲያው ድልድዩን እንሥራ።"

"ለድልድይ ግን የለውም።"

"አሁን አለው አላልሽም?"

"አለው። ግን ያለው ሁሉ ሥራውን ይዞ የመጣ ነው። የደሞዙ ለደሞዝ፣ የነዳጁ ለነዳጅ፣ የጣሪያው ለጣሪያ። አንዱ በሌላው በር አይገባም።"

"የሚተርፍስ የለም?"

"ይተርፋል እንጂ። የተረፈው ዓመቱ ሲያልቅ ለላኪው ተመላሽ ይሆናል።"

"ጥሩ ነዋ! ላኪውም በቁጠባችን ተደስቶ ለከርሞ ይጨምርልናል።"

ሒሳብ ሹሟ አፏን በእጇ ሸፈነች። "ኧረ ይቀንስብናል ዶክተር! አልፈለጉትም ይባላል። ሁሉንም አራግፎ የጨረሰው ነው ጠንካራ ፈጻሚ ተብሎ የሚመሰገነው።"

ሐኪሙ ይህን ነገር ደጋግሞ አላመጠው፤ ሊዋጥለት ግን አልቻለም። የቆጠበ ይቀጣል፣ ያራገፈ ይመሰገናል፤ ያለው ገንዘብ አለ ግን የለም።

"እኔ ቤት እኮ ገንዘብ አለ ከተባለ አለ ነው" አለ በመጨረሻ።

"ወረዳ ቤት አይደለም ዶክተር" አለች በትሕትና። ፊቱን ስታይ ግን አንድ ፋይል ሳብ አደረገች። "መንገድ አለ፤ አይጨነቁ። ዝውውር ይባላል። እያንዳንዱ ወጪ አርእስት የሚሉት የየራሱ ቁጥር አለው፤ ገና ካልተነካው ላይ ገንዘብ ተነሥቶ ለቸገረው ይሰጣል። ምክር ቤቱ እጁን ካወጣ ሕጋዊ ነው። ወረቀቱን እኔ አዘጋጃለሁ፤ እርስዎ እንደ ሰብሳቢ ያቀርቡታል።"

"መንገድ አለ" የሚለውን ሲሰማ ሐኪሙ ደስታው ልክ አጣ። ከየት አርእስት እንደሚነሣ ሳይጠይቅ እየተጣደፈ ወጣ።

ምክር ቤቱ የተሰበሰበው በደረቁ ወራት ነበር። የአዳራሹ ቆርቆሮ ሙቀቱን ቁልቁል ይተፋል፤ አባላቱ በአጀንዳው ወረቀት ፊታቸውን ያራግባሉ። ሒሳብ ሹሟ ተነሥታ አነበበች፦ "ከአርእስት ስልሳ ሁለት ንዑስ ሦስት ወደ አርእስት ስልሳ አራት ንዑስ አንድ እንዲዛወር፣ የተዛወረውም ለማዶው ድልድይ ሥራ እንዲውል።"

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ። ቁጥሮቹ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይተራመሳሉ። ከሁሉም ውስጥ የገባችው "ድልድይ" የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ቀና ሲል አባላቱ ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። እነዚህ ሁሉ ገብቷቸው እኔ ሰብሳቢው ብጠይቅ ምን ይሉኛል ብሎ እሱም ነቀነቀ።

"ሰብሳቢው የሚጨምረው ማብራሪያ አለ?" አሉ አፈ ጉባኤው።

"የለኝም፤ ግልጽ ነው" አለ።

እጁንም ከሁሉ ቀድሞ አወጣ። አዳራሹ ሙሉ ተከተለው።

ድልድዩ እውነትም ተሠራ። አናጢዎቹ ወፋፍራም እንጨት አጋድመው፣ ግራና ቀኙን በብረት ገመድ ወጥረው፣ ሳንቃውን በምስማር ቀጠቀጡት። ጥንቅቅ ብሎ ያለቀ ቀን አማቱ ከማንም ቀድመው ወጡበት። መሐል ላይ ቆመው በተረከዛቸው ደጋግመው መቱት።

"አይነቃነቅም!" ብለው ጮኹ ወደ ሐኪሙ። "እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ!"

ሐኪሙ የዚያን ዕለት እያፏጨ ቤቱ ገባ። ሹመት ማለት ይህን ያህል ቀላል ነገር ከሆነ ሰው ለምን እንደሚያማርር አልገባውም።

ሰማዩ መደመን ሲጀምር የክትባት ጊዜ ደረሰ። በዚያ አገር ዝናብ ሲመጣ ከአፈር የሚነሣ አባ ጎርባ የሚሉት የከብት በሽታ አለ። የሚመርጠው ደግሞ ወጣቱንና ወፈር ያለውን ነው። ጭኑ ያብጣል፤ እብጠቱን ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ብዙም ሳይቆይ ከብቱ ይወድቃል። ካመመ በኋላ መድኃኒት የሚደርስለት ጥቂቱ ነው። አስቀድሞ የተከተበውን ግን አይነካውም። ሐኪሙ በየዓመቱ ይህን ጊዜ ለክትባቱ መግዣ ይጠይቃል፤ በየዓመቱም ይመጣለታል። ዘንድሮ ግን ጥያቄው "በጀት የለም" ተብሎ ተመለሰ።

ሐኪሙ ሳቀ። ስህተት መስሎት ወደ ሒሳብ ሹሟ ሄደ።

"አንድ ሰው ተሳስቷል" አላት። "የክትባቱን በጀት የለም ብለው መለሱብኝ።"

"አልተሳሳቱም ዶክተር። ስልሳ ሁለት ንዑስ ሦስት ባዶ ነው።"

"ስልሳ ሁለቱን ተይው እህቴ፤ እኔ የምጠይቅሽ የክትባቱን ነው።"

"ስልሳ ሁለት ንዑስ ሦስት እኮ ክትባቱ ነው።"

"የት ሄደ?"

"ድልድይ ሆነ።"

"ማን ፈቅዶ?"

ሒሳብ ሹሟ ዓይኗን ሰበር አደረገች። "እርስዎ ነዎት ያቀረቡት።"

ሐኪሙ ወንበር ሲፈልግ ወንበሩ በፋይል ተይዟል፤ እፋይሉ ላይ ተቀመጠ። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ ድምፁ ሰልሎ።

"ክሊኒኩ የእርስዎ ስለሆነ እያወቁ የሰጡ መስሎኝ ነዋ!" አለች፤ እሷም እንባዋ እየመጣ ነበር። "እንዲያውም እቤት ገብቼ 'ከራሱ ሥራ ቀንሶ ለሕዝብ ድልድይ ሰጠ፤ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል' ብዬ ለባሌ አወራሁለት።"

ዝናቡ በጣለ ሰሞን የመጀመሪያዎቹ ጊደሮች ወደቁ። አንድ ጠዋት አማቱ ጎረቤት ልከው ሐኪሙን አስጠሩት። በድልድዩ ላይ እየሮጠ ተሻገረ። ጊደራቸው በረቱ ጥግ በሦስት እግሯ ቆማለች፤ በአራተኛው አትረግጥም። ሐኪሙ ጭኗን በጣቱ ጫን ሲያደርገው ከቆዳው ሥር ተንኮሻኮሸ። ይዞት የመጣውን መርፌ ወጋት፤ እንደማይደርስላት ግን እጁ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ተኛች፤ አልተነሣችም።

አማቱ አላለቀሱም። ከበረቱ ደጃፍ ተቀምጠው ጊደሯን ሲያዩ ቆዩና "በየዓመቱ ትከትብልን አልነበር? ዘንድሮ ምን ነካህ?" አሉት።

ሐኪሙ ነገራቸው። ስለ አርእስቱ፣ ስለ ንዑሱ፣ ስለ ዝውውሩ፣ እጁን ስለማውጣቱ። እሳቸው አንዴ እሱን፣ አንዴ ወንዙን፣ አንዴ ጊደሯን ያያሉ።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ነገሩ ውሉ ጠፋብኝ" አሉ። "በጊደሬ ላይ ነዋ ስሻገር የከረምኩት?"

"እማማ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል።"

"እኔ ድልድይ ሥራልኝ አልኩህ እንጂ ጊደሬን ውሰድ መቼ አልኩህ?"

ሐኪሙ ጭቃው ላይ እንደተንበረከከ ቀረ።

ወሬው ከበሽታው ፈጠነ። ገበያ ላይ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ብልጥ ነው፣ የክትባቱን ብር ቶሎ በላው" የሚል ተሰማ። ሌላው ደግሞ "አልበላውም፤ ለአማቱ ድልድይ ሠራበት" አለ። የመጀመሪያው ሐሜት ሐኪሙን አላሳዘነውም፤ ውሸት ነውና። ሁለተኛው ግን እንደ እሾህ ተሰካበት፤ ውሸት ነው እንዳይል ድልድዩ እዚያው ቆሟል፤ እውነት ነው እንዳይል እሱ ያሰበው ያንን አልነበረም።

"በቃኝ፣ ከኮሚቴው እወጣለሁ" አለ ለሚስቱ ማታ እራት ላይ።

"ውጣ። መጀመሪያ ግን ክትባቱን አምጣ" አለች።

"እንዴት አድርጌ? ሳይገባኝ እጄን ያወጣሁ ሰው ነኝ እኮ!"

ሚስቱ የልጆቹን ደብተር እያረመች ነበር፤ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ተማሪዎቼ እንደዚያው ናቸው። 'ገባችሁ?' ስል ሁሉም 'አዎ' ይላሉ። አንዱ አዎ የሚለው ሌላው አዎ ስላለ ነው።"

"ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"አንዱን አስነሣና 'በራስህ አፍ ንገረኝ' እለዋለሁ። ያኔ ሁላችንም እናፍራለን፤ ከዚያ ትምህርት እንጀምራለን።"

ሐኪሙ ጠዋት አፈ ጉባኤው ቢሮ ሄዶ አስቸኳይ ስብሰባ እንዲጠሩ ለመናቸው። አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

"ልጄ፣ አይቻልም። የአባላት አበል አልቋል። ያለ አበል ስብሰባ አንጠራም።"

"ጋሼ፣ ስብሰባው እኮ ገንዘብ ለመፈለግ ነው።"

"ገባኝ። ግን ለስብሰባው ገንዘብ ያስፈልጋል።"

"ገንዘብ ለመፈለግ ገንዘብ ያስፈልጋል ማለት ነው?"

አፈ ጉባኤው አሰቡበት። "ስትለው ጥሩ አይመስልም" አሉ፤ "አሠራሩ ግን እንደዚያ ነው።"

ሐኪሙ ከዚያ ወጥቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። ባለወፍጮው ነገሩን ሰምቶ ሞተሩን አጠፋ። ሊያስፈጭ የመጣው ሰው ሁሉ በድንገተኛው ጸጥታ ደንግጦ ዞረ።

"ስሙ!" አለ ባለወፍጮው፤ ሞተር ባይኖርም ድምፁን መቀነስ አያውቅም። "ምክር ቤታችን አበል ካልተሰጠው አይሰበሰብም አሉ! ነገ ጠዋት በነጻ የማይመጣ አባል ካለ፣ የማን ሰፈር ተወካይ እንደሆነ ስሙን እዚሁ ወፍጮ ቤት በር ላይ እጽፈዋለሁ!"

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። አንዳንዱ ተናዶ መጣ፣ አንዳንዱ ፈርቶ፣ አንዳንዱም የራሱ ጊደር ስለሞተችበት። አፈ ጉባኤው በሰው ብዛት ተገርመው ስብሰባውን ከፈቱ። ሐኪሙ ተነሣ።

"ባለፈው 'ግልጽ ነው' ብዬ ነበር" አለ። "ግልጽ አልነበረም። ስልሳ ሁለት ንዑስ ሦስት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ አርእስት በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይነበብ፤ ከተነበበም በኋላ አንዳችን ተነሥተን በራሳችን አፍ እንናገረው።"

ከኋላ አንድ አባል ብድግ አለና "እኔ ባለፈው አንተ ስትነቀንቅ አይቼ ነው እጄን ያወጣሁት" አለ።

"እኔ ደግሞ እናንተ ስትነቀንቁ አይቼ ነው የነቀነቅኩት" አለ ሐኪሙ።

"እኔስ ጋሼ አፈ ጉባኤውን አይቼ" አለ ሌላው።

ሁሉም ወደ አፈ ጉባኤው ዞሩ። እሳቸውም ወረቀታቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩና "እኔ ጊዜ ለመቆጠብ ነበር" አሉ ቀስ ብለው።

ሒሳብ ሹሟ ማንበብ ጀመረች። አሰልቺ ጠዋት ነበር። የዘበኛ ደሞዝ፣ የመኪና ጎማ፣ የቀበሌ ማኅተም ቀለም። አባላቱ በየተራ ይነሣሉ፤ አንዱ ያፍራል፣ አንዱ ይሳሳታል፣ ሌላው ያርመዋል፣ አራሚውም ይሳሳታል። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ "የጀልባ ጥገና" ብላ አነበበች።

"ምን?" አለ ባለወፍጮው።

"የጀልባ ጥገና።"

"የምን ጀልባ?"

ሒሳብ ሹሟ ቀና አለች። "የወረዳው ጀልባ።"

አባላቱ ተያዩ። ወንዙ በበጋ በእግር የሚሻገሩት ነው፤ በክረምት ደግሞ ድንጋይ እያንከባለለ ስለሚመጣ ጀልባ ቢኖር እንኳ ጀልባ ሆኖ አይቀርም። በዕድሜ የገፉ አንዲት አባል፣ የማዶ ሰው፣ "እኔ እዚያው ወንዝ ዳር ተወልጄ እዚያው አረጀሁ። ጀልባ አይቼ አላውቅም" አሉ።

"ልጄ፣ ይህ አርእስት ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?" አሉ አፈ ጉባኤው።

"እኔ ስመጣ ነበር። ከኔ በፊት የነበሩትም ሲመጡ አግኝተውታል አሉኝ። በየዓመቱ ይመደባል፤ ማንም አይጠይቀውም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ይመለሳል።"

"ያልተነካ ገንዘብ ይቀነሳል ብለሽኝ አልነበር?" አለ ሐኪሙ። "ይህ ለምን አልተቀነሰም?"

"እሱ እኔንም ግራ ያጋባኛል።"

"እሺ፣ ለድልድዩ ገንዘብ ስንፈልግ ለምን ከዚህ አላነሣሽም?"

ሒሳብ ሹሟ ቀላች። "ድልድዩ ፈርሷል ሲሉኝ፣ ድልድይ በሌለበት ሰዉ በጀልባ እየተሻገረ ይሆናል ብዬ ነው። ያንን ደግሞ እንዴት እነካለሁ?"

አንድ ሰው መሳቅ ጀመረና አቆመ፤ ምክንያቱም ነገሩን ሲያስበው ትክክል ነበር። ከተማ ተቀምጣ ወረቀት ብቻ የምታይ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ታስብ?

ዝውውሩ ቀረበ። ሐኪሙ ማንም እጁን ከማውጣቱ በፊት የማዶዋን አዛውንት አባል በራሳቸው አፍ እንዲናገሩት ለመናቸው። ብድግ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"የሌለውን ጀልባ መጠገን ትተን ያሉትን ከብቶች እናስከትባለን" አሉ። "ገባኝ፤ እናንተስ?"

"ድንገት ጀልባው ቢገኝስ?" አለ አንድ ጠንቃቃ አባል።

ይህን ጥያቄ ሲከራከሩበት ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ጀልባው ከተገኘ ምክር ቤቱ እንደገና እንዲሰበሰብ ተስማምተው እጃቸውን አወጡ።

ክትባቱ ዘግይቶ ደረሰ። ሐኪሙ በዝናብ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ እየዋጠው ከመንደር መንደር ዞሮ ወጋ። ጊደራቸው የሞተችባቸው ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ከአጥር ሥር ሆነው ያዩት ነበር። አልሰደቡትም፤ አላመሰገኑትምም። አማቱ ግን የጎረቤት ወይፈን ገመድ ይዘው ተሰልፈው አገኛቸው።

"የእርስዎ ከብት የለም እኮ እማማ" አለ ቀና ሳይል።

"የጎረቤቴ ነው። እሷ አሟት ተኝታ ነው" አሉ። ወይፈኑን ቀንዱን ይዘው አቆሙለት። ትንሽ ቆይተው "ሌላ ጊዜ ስጠይቅህ ከየት እንደምታመጣው አስቀድመህ ንገረኝ። ምናልባት ተወው እልህ ይሆናል" አሉት።

"እነግርዎታለሁ፤ ካወቅኩ።"

"ካላወቅክም አላወቅኩም በለኝ።"

ሐኪሙ ከኮሚቴው አልወጣም። ለመውጣት ሁለቴ ሞክሮ ነበር፤ በሁለቱም ጊዜ አፈ ጉባኤው "ስብሰባ ላይ ይታያል" አሉት፤ ስብሰባው ደግሞ እሱ በፈጠረው በማንበብ ሥርዓት የተነሣ ወደዚያ አጀንዳ ሳይደርስ ይመሻል። ለአዲሱ ዓመት የተፈቀደው ገንዘብ ሲመጣ የክትባቱ በነበረበት ነው። የጀልባው ግን ጨምሯል። ወረዳው በጀልባ ጥገና ረገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠንካራ አፈጻጸም አሳይቷልና። ሒሳብ ሹሟ ይህን ስትነግረው ሁለቱም መሳቅም ማልቀስም አቃታቸው።

አዲሱ በጀት የተነበበ ቀን የአዳራሹ በሮች ተከፍተው ነበር። ሰዉ ወሬውን ሰምቶ በገዛ ጆሮው ሊሰማ መጣ፤ ግድግዳውን ተደግፎ፣ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ያዳምጣል። አማቱም ከኋላ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። አርእስቶቹ እየተነበቡ፣ አባላቱም እየተነሡ በአፋቸው እየተናገሩ ሲሄዱ፣ አማቱ እጃቸውን አወጡ።

"እንግዳ አይናገርም" አሉ አፈ ጉባኤው።

"እንግዳ አይደለሁም፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነው ትሉ የለም?" አሉ ተነሥተው። "እኔ የምጠይቀው ይህቺ 'ልዩ ልዩ' የምትሏት ማን ናት? በየገጹ መጨረሻ ላይ ስሟ ይጠራል፤ ከሁሉም ይደርሳታል።"

ሒሳብ ሹሟ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለበጠች። አንዱ አባል "ያልታሰበ ወጪ ነው" አለ። ሌላው "ታስቦበታል፤ ስም ነው የጠፋለት" አለ። ባለወፍጮው "የጀልባው ቤንዚን ነው" ሲል መስኮት ላይ የተንጠለጠሉት ሳቁ። ዙሪያውን ሁሉም በአንድ ላይ ማውራት ጀመረ፤ አፈ ጉባኤው በመዳፋቸው ጠረጴዛውን ቢመቱም የሚሰማ ጠፋ።

ሐኪሙ ወደ አማቱ ዞረ።

"እኔም አላውቃትም እማማ" አለ ጮክ ብሎ። "ይቀመጡ፤ አሁን እንጠይቃለን።"